ጤናና ቤተሰብ፦ ከጓሯችን የሚበቅል የአጥንት ጉልበት

 

ነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ልጅ እንዲሰጣቸው ጌታቸውን በምስጢር በተማፀኑ ጊዜ፣ የእርጅናቸውን ነገር ሲገልጹ አስቀድመው ያነሱት የአጥንታቸውን መድከም ነበር። የራሳቸው ሽበት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ለሚያስተነትን ሰው ትምህርት አለው። ሽበት ለዓይን ይታያል። የአጥንትና የጡንቻ መድከም ግን ውስጥ ለውስጥ ሲሄድ ቆይቶ የሚታወቀው፣ አንድ ቀን ከሱጁድ ለመነሳት እጅ መሬት ሲደገፍ፣ ወይም ለውዱእ ሲወጡ አዳልጦ ዳሌ ሲሰበር ነው።

በቦሳ ኪቶም ሆነ በአጋሮ፣ በሊሙም ሆነ በሰቃ፣ በየመስጂዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ አባቶች አሉን። በየቤቱም ተደግፈው የሚሰግዱ እናቶች አሉ። ሸሪዓችን ለደካማ አግርቷል፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረግ» ብለን የምንተወው ድካም ሁሉ የዕድሜ ብቻ አይደለም። ከፊሉ ከማዕዳችን የሚመጣ ነው። ከማዕድ የመጣውን ደግሞ በማዕድ ማቃለል ይቻላል። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን ፖታሲየም የተባለው ማዕድንና በሰውነታችን ያለው የአሲድና የአልካሊ ሚዛን ከአጥንትና ከጡንቻ ጋር ምን እንደሚያገናኛቸው፣ በጅማና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ከተሞች የሚኖር ቤተሰብም ከዚህ ምን ሊጠቀም እንደሚችል እንመለከታለን።

በሰውነታችን ውስጥ ያለው ሚዛን

አላህ (ሱ.ወ.) ሰማይን ከፍ አድርጎ ሚዛንን እንዳኖረ ከሱረቱ ረሕማን እንማራለን። የዚያ ሚዛን ምልክት በገዛ ሰውነታችንም ይታያል። ደማችን አሲድነቱም ሆነ አልካሊነቱ እንዳይበዛ በጣም ጠባብ በሆነ ክልል ውስጥ ይጠበቃል። ሐኪሞች ፒኤች በሚሉት መለኪያ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ውስጥ ይቆያል። ከዚህ ብዙ ከወጣ ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ይህን የሚጠብቁት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ሳንባ በየትንፋሹ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስወጣል። ኩላሊት ደግሞ አሲዱን ከሽንት ጋር ይሸኛል፣ አሲድን የሚያረክሰውን ባይካርቦኔትም ለደም ይመልሳል።

አሲዱ ከየት ይመጣል? አንዱ ምንጭ የምንበላው ነው። በሥጋ፣ በእንቁላል፣ በዓሣና በአይብ፣ እንዲሁም በበቆሎ፣ በስንዴና በጤፍ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ድኝ ያዘለ ክፍል አለው። ሰውነት ፕሮቲኑን ሲጠቀምበት ይህ ድኝ በመጨረሻ ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ይለወጣል። መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በየዕለቱ መወገድ አለበት። በአንጻሩ ፍራፍሬ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሥራሥር ፖታሲየምን የሚይዙት ሲትሬትና ማሌት ከተባሉ ውህዶች ጋር ነው። ሰውነት እነዚህን ሲያቃጥላቸው ባይካርቦኔት ያገኛል። እንግዲህ በቆሎውና ሥጋው በአንድ ወገን፣ ጎመኑ፣ ጎደሬውና ሙዙ በሌላው ወገን ሆነው ይመዛዘናሉ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ምላስ ላይ የሚጎመዝዝ ሁሉ በሰውነት ውስጥ አሲድ አይሆንም። ሎሚና ብርቱካን ይጎመዝዛሉ፣ ነገር ግን ሲትሬታቸው ተቃጥሎ የሚተርፈው አልካሊ ነው። የእንጀራና የቆጮ ኮምጣጣነትም ከመቦካት የመጣ ነው፤ ሰውነት ያንን አሲድ አቃጥሎ በትንፋሽና በውሃ መልክ ያስወግደዋል። በአንጻሩ በቆሎና ሥጋ ምላስ ላይ ምንም ሳይጎመዝዙ አሲድ ያተርፋሉ።

አጥንት እንደ ጎተራ

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 ከመቶው የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። አጥንት ከዚህ ሌላ አሲድን ሊያረክሱ የሚችሉ ጨዎችንም ያከማቻል። ስለዚህ ከጎተራ ጋር ይመሳሰላል፤ በደጉ ቀን ይሞላል፣ በችግር ቀን ይቀነስለታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ሁለት ሐኪሞች ይህን መነሻ አድርገው አንድ ሐሳብ አቀረቡ። በየዕለቱ ከምግብ የሚመጣው ጥቂት አሲድ ለብዙ ዓመታት ከአጥንት አልካሊ እየቀነሰ፣ በእርጅና ዘመን አጥንትን ያሳሳል የሚል ነበር።

ሐሳቡ በሙከራ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የወር አበባቸው የተቋረጠ 18 ሴቶች ለ18 ቀናት ፖታሲየም ባይካርቦኔት ሲሰጣቸው፣ ከሽንት ጋር የሚወጣው ካልሲየም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2006 በስዊዘርላንድ አጥንታቸው የሳሳ 161 ሴቶች ላይ በተደረገ የአንድ ዓመት ሙከራ፣ ፖታሲየም ሲትሬት የወሰዱት የአከርካሪ አጥንታቸው በጥቂቱ ሲጠነክር፣ ፖታሲየም ክሎራይድ የወሰዱት ግን ቀነሰባቸው። ይህም ጥቅሙ ከፖታሲየሙ ጋር ከተያያዘው አልካሊ ጭምር እንደሆነ ያመለክታል።

ይሁን እንጂ ሌላውንም ወገን መናገር አማናችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በስኮትላንድ 276 ሴቶች ለሁለት ዓመት በተከታተሉት ሙከራ፣ ፖታሲየም ሲትሬትም ሆነ ተጨማሪ ፍራፍሬና አትክልት የአጥንትን ጥግግት አልለወጡም። ከዚያ በኋላ ጥናቶቹን አሰባስበው የመረመሩ ሌሎች ባለሙያዎችም፣ የምግብ አሲድ ለብቻው አጥንትን ያሳሳል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም ብለዋል። በተለይ «ፕሮቲን አሲድ ስለሆነ አጥንት ይበላል» የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ካልሲየም ሳይጓደል ፕሮቲን መመገብ አጥንትን የሚጠቅም እንጂ የሚጎዳ አይደለም። እንዲሁም ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው የደሙ ፒኤች በምግብ አይናወጥም። ስለዚህ «ደምህን አልካሊ አደርገዋለሁ» እያለ ውሃና ዱቄት የሚሸጥላችሁ ካለ ገንዘባችሁን ለጎመንና ለወተት አውሉት።

ከዚህ ሁሉ የሚጨበጠው ምንድን ነው? ፖታሲየም የበዛበት የአትክልት፣ የፍራፍሬና የሥራሥር ምግብ በሽንት የሚባክነውን ካልሲየም ይቀንሳል። ብቻውን ግን መድኃኒት አይሆንም፤ ከሌሎች ሰበቦች ጋር ተደምሮ ይጠቅማል።

ጡንቻስ?

በሰውነታችን ካለው ፖታሲየም 98 ከመቶ ገደማው በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከዚህም አብዛኛው በጡንቻ ውስጥ ይገኛል። ጡንቻ የሚኮማተረው፣ ነርቭ መልእክት የሚያደርሰው፣ ልብም ሳያዛባ የሚመታው በዚህ ማዕድን አጋዥነት ነው። በብርቱ ተቅማጥና ትውከት ፖታሲየም ሲባክን ሰውነት የሚዝለው፣ እግር የሚከዳው፣ ጡንቻም የሚጨመደደው ለዚህ ነው። በየጤና ጣቢያው የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. አስቡ። በ1 ሊትር ውሃ የሚበጠበጠው አንድ ከረጢት ከጨውና ከስኳር ሌላ 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድና 2.9 ግራም ሲትሬት አለበት። አንዱ የባከነውን ፖታሲየም ይመልሳል፣ ሌላው በተቅማጥ የጠፋውን አልካሊ ይተካል። ይህን ያህል ሕፃናትን ያተረፈው ከረጢት የያዘው የዛሬውን ርዕሳችንን ነው ማለት ይቻላል።

በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ሕፃናትም ከጡንቻቸው ጋር ፖታሲየማቸው ይሟጠጣል። ለዚህም ነው በሕክምና ማዕከላት የሚሰጣቸው ኤፍ-75 እና ኤፍ-100 የተባለው ወተት ፖታሲየም የተጨመረበት። አንዲት እናት «ወተት ከሆነ እቤት አለኝ» ብላ ሕፃኗን ከሕክምና ብታስወጣ፣ የላም ወተት የማይሞላው ነገር እንዳለ ልታውቅ ይገባል።

በአረጋውያንም ላይ ተመሳሳይ ምልክት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 384 ሰዎች ሲመረመሩ፣ በሽንታቸው ብዙ ፖታሲየም የተገኘባቸው፣ ማለትም አትክልትና ፍራፍሬ አዘውትረው የሚመገቡት፣ ግማሹን ያህል ብቻ ከተገኘባቸው ይልቅ 1.6 ኪሎ ግራም ገደማ የበለጠ ሥጋ ነበራቸው። ይህ ዝምድናን እንጂ ምክንያትን አያረጋግጥም። ሆኖም ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት አሲድ የማስወገድ አቅሙ እንደሚቀንስ፣ በደም ውስጥ የሚከማች አሲድም ጡንቻ እንዲፈርስ እንደሚያደርግ በኩላሊት ሕሙማን ላይ በግልጽ ታይቷል።

የተጎዳ ጡንቻ ደግሞ ሊመለስ ይችላል። እዚሁ ጅማ የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በጀመሩ ከ300 በላይ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ በየቀኑ 200 ግራም የተመጣጠነ ተጨማሪ ምግብ ለሦስት ወር ያገኙት ጡንቻቸው እንደጨመረና የእጃቸው ጭብጥ እንደበረታ አሳይቷል። ጥናቱ ስለ ፖታሲየም አልነበረም። ግን የከሳ ሰው በምግብ ጉልበቱን እንደሚያስመልስ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከደጃችን የተገኘ ምስክር ነው።

የጅማ ማዕድ ሲመዘን

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም ፖታሲየም ከምግቡ እንዲያገኝ መክሯል። ጨው ደግሞ ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን ብሏል።

ይህ መጠን የሀብታም ማዕድ ይጠይቃል የሚል ካለ፣ እስቲ አብረን እንደምር። ጠዋት 200 ግራም የተቀቀለ ቦዬ 1,340 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል። አንድ ብርጭቆ ወተት 350 ይጨምራል። ምሳ ላይ 200 ግራም የምስር ወጥ 740፣ 100 ግራም የበሰለ ጎመን 230 ይሆናል። ግማሽ አቮካዶ 480፣ አንድ ሙዝ 400 ገደማ አለው። ድምሩ 3,540 ይመጣል፤ እንጀራውንና ቡናውን ገና አልቆጠርንም። ቦዬ ካልተገኘ ጎደሬ በ100 ግራም 480፣ ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች 380 ገደማ ይይዛሉ። ይህ ሁሉ በጅማ ገበያ የሚሸጥ፣ ብዙውም በየጓሮው የሚበቅል ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? አንደኛ፣ ማዕዳችን በአንድ እህል ላይ ሲንጠለጠል ነው። ቡና ከመለቀሙ በፊት ባሉት የክረምት ወራት እጅ ሲያጥር ጠዋት የበቆሎ ቂጣ፣ ማታ የበቆሎ ገንፎ የሚሆንበት ቤት አለ። ጎደሬና ቦዬ ግን በአንዳንዶች ዘንድ የደሃ ምግብ ተብለው ለእንግዳ ለማቅረብ ያሳፍራሉ። አላህ በምድራችን ያበቀለውን ኒዕማ በምን ምክንያት እናፍርበታለን? ጎደሬን በደንብ ማብሰል እንጂ ማፈር አያስፈልግም፤ ጥሬው ጉሮሮ ያሳክካል። ቆጮና ቡላም ከጎመንና ከአይብ ጋር ቢቀርቡ ይመረጣል፤ በዋናነት ጉልበት ሰጪ ስታርች ናቸውና።

ሁለተኛ፣ አበሳሰላችን ነው። ጎመን ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጨምቆ ሲደፋ ከፖታሲየሙ ብዙው አብሮ ይደፋል። ድንችም ተልጦና ተከትፎ ተቀቅሎ ውሃው ሲፈስ እንደዚያው ነው። ጎመኑን በጥቂት ውሃ አፍኖ ማብሰል፣ ሥራሥሩን ከነልጣጩ መቀቀል፣ የተረፈውንም መረቅ ወጥ ውስጥ መጨመር ምንም ወጪ የለውም። የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙንም ሰውነት በቀላሉ ይወስደዋል፤ ከዚህ አንጻር ቆስጣን ይበልጠዋል።

ሦስተኛ፣ ጨው ነው። ኩላሊት ሶዲየምን ሲያስወጣ ካልሲየምም አብሮት ይወጣል። በገጠሩ ቡናን በጨው መጠጣት የቆየ ልማድ ነው። ከአቦል እስከ በረካ ሦስት ሲኒ ጨው ያለበት ቡና፣ ከወጡ ጨው ጋር ሲደመር ቀላል አይሆንም። ቡናው ራሱ ሽንት ውስጥ የሚወጣውን ካልሲየም በጥቂቱ ቢጨምርም፣ ወተትና ጎመን ለሚመገብ ሰው ጉዳቱ የሚያሳስብ አይደለም። የቡና አገር ልጆችን ከቡና አንለይም፤ ጨውን ግን ቀነስ እናድርገው።

አራተኛ፣ ጫት ነው። የሃይማኖቱን ብይን ለዑለማኦቻችን ትተን የጤናውን ብቻ ብንናገር፣ ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል። ከምሳ እስከ እራት የሚቅም ወጣት ከላይ የቆጠርነውን ግማሹን ያጣል። አጥንት ተሞልቶ የሚያበቃው ደግሞ በወጣትነት ነው። በሃያዎቹ ዕድሜ ያልተሞላ ጎተራ በስልሳዎቹ ሲፈለግ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

በረመዳን ጾምን በቴምር መፍታት የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሱና ነው። ቴምር በ100 ግራም 650 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። የምንፈታበት ሱናውን በመከተል እንጂ ለማዕድኑ ብለን አይደለም፤ ሆኖም በሱናው ውስጥ ያለውን በረካ ማወቁ ሹክር ይጨምራል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ቁጥሩን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

እነማን ይጠንቀቁ?

ውድ አንባብያን፣ ይህን ክፍል ሳታነቡ አትለፉ። እስካሁን ያመሰገንነው ፖታሲየም ለአንዳንድ ሰዎች አደገኛ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው የበዛውን ፖታሲየም ማስወጣት አይችልም። በደም ውስጥ ሲከማች ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል፤ አስቀድሞ ምልክት ላይሰጥም ይችላል። ኩላሊት የታመመ አባቱን ለመጦር ብሎ ቴምርና አቮካዶ የሚያበዛ ልጅ፣ ኒያው ያማረ ሆኖ ሳለ ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ ሐኪሙ ፖታሲየም ቀንስ ካለው፣ ከላይ አትድፉ ያልነውን የመቀቀያ ውሃ መድፋት ይጠቅመዋል። ለጤነኛው ጉዳት የሆነው ለሕመምተኛው ጥቅም ሆነ።

የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት የሚወስዱም ይጠይቁ። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉት ፖታሲየምን ሊያበዙ ይችላሉ። እንደ ፉሮስማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ደግሞ ያሳንሱታል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ የደም ምርመራ ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። «ሶዲየም የቀነሰ» ተብሎ የሚሸጥ ጨው ብዙውን ጊዜ ፖታሲየም ክሎራይድ ስላለበት ኩላሊት ለታመመ አይሆንም። የፖታሲየም ኪኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይዋጥ። ለቃር እየተባለ በየቀኑ ሶዳ በጥብጦ መጠጣትም አጥንት ለመጠበቅ አይደለም፤ ሶዲየም መጨመር ነው።

ሌሎቹን ሰበቦች አንርሳ

አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል፤ ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ጎመንና ጤፍ አሉን። ካልሲየሙ እንዲሰርጽ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እርሱም በአብዛኛው ከፀሐይ ነው። ፀሐይ በተረፈበት አገር ሙሉ ቀን ከቤት የማይወጡ እናቶችና ሕፃናት ግን ሊጎድልባቸው ይችላል። በሒጃብ ለምትወጣ እህት የገዛ ግቢዋ፣ ባዕድ ዓይን በሌለበት፣ ክንዷንና እግሯን ለጥቂት ጊዜ ፀሐይ የምታስነካበት ቦታ ነው። ግቢ ያለው ቤተሰብ ለእናቱና ለእህቱ የሚሆን ጥግ በአጥር ቢከልል መልካም ሥራ ሠራ።

ጡንቻም ፕሮቲንና እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል፣ ሲገኝም ሥጋ። ከአትክልት ጋር ሲበሉ አሲዳቸው ይካካሳል። አንድ ሰው በቀን አምስት ጊዜ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ተደፍቶ፣ ተነስቶ ሲሰግድ የጭኑና የወገቡ ጡንቻ ይሠራል። ሶላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም፤ አቅም ያለው ሰው ያለ በቂ ምክንያት ወደ ወንበር ባይቸኩል ግን ለሁለቱም ይበጀዋል። አቅም ያጣው በወንበር ይስገድ፤ ምንም ነቀፋ የለበትም።

በመጨረሻ ለወጣቶቻችን አንድ አደራ አለን። በዚህ ሳምንት ወላጆቻችሁ ከሱጁድ እንዴት እንደሚነሱ ልብ በሉ። እጃቸው መሬት የሚደገፍ ከሆነ፣ ማዕዳቸው ላይ ምን እንዳለ ተመልከቱ፤ ምን መድኃኒት እንደሚወስዱና ኩላሊታቸው ተመርምሮ እንደሆነም ጠይቁ። ከዚያ ሐኪም ከፈቀደ ከጓሮ ጎመን ቁረጡላቸው፣ ቦዬም ቀቅሉላቸው። ለወላጅ በጎ መዋል በቃል ብቻ አይፈጸምም፤ በድስትም ይፈጸማል።

አላህ አጥንታችንን ያጽና፣ ጉልበታችንንም በእርሱ መንገድ የምናውለው ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።